«ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ግን አይሠራም»፦ የጌም ሰርቨር ፕለጊኖች በትክክል መነሣታቸውን መፈተሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «መሐል ሜዳ ውስጥ ስድስት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት አለኝ። በአንዱ ማሽን ላይ የማይንክራፍት ሰርቨር ከፍቼ 9 ፕለጊን አስገብቻለሁ። ባለፈው መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩን አስነሣሁት፤ የፕለጊኖቹ ዝርዝር ሁሉም አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ግን ገንዘባችን ዜሮ ሆነ፣ ሱቁም አልከፍት አለን ይላሉ። በአማርኛ የጻፍኩት ሰላምታም ጠፍቶ እንግሊዝኛው ተመልሷል። እኔ ኦፕ ሆኜ ስገባ ሱቁ ይከፍትልኛል። ፕለጊኖቹ በትክክል ሎድ ማድረጋቸውን እንዴት ነው የምፈትሸው?»

ወንድሜ፣ የችግርህ ቁልፍ ራስህ በጻፍካቸው ሁለት ሐረጎች ውስጥ አለ፦ «ሁሉም አረንጓዴ ነው» እና «እኔ ኦፕ ሆኜ ስገባ» (ኦፕ ማለት የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ነው)። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለጌም ቤቶችና ለተማሪዎች ሰርቨር ሳቋቁም ብዙ ቀን ያባከንኩት በእነዚሁ በሁለቱ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ይህን ፋይል አጥፋ፣ ያንን አውርድ» ብዬ ከማለፍ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳህ። መብራቱ ነገም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማንንም ሳትጠብቅ ራስህ እንድታየው እፈልጋለሁ።

ፕለጊን ለሰርቨሩ አዲስ ሥራ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። በአማርኛ «ፕለጊኑን ጫንኩት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። አንደኛው የጃር ፋይሉን ፕለጊንስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ ሲነሣ ያንን ፋይል ከፍቶ ኮዱን ሥራ ላይ ማዋሉ ነው። አህያ ጭኖ ገበያ የወጣ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ ጭነቱ ደጅ ላይ ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል፣ መጫኛው መላላቱ የሚታወቀው ግን ዳገቱ ላይ ነው። ያ አረንጓዴ ስም ደጅ ላይ የቆመው ጭነት ነው። አንተ ማወቅ ያለብህ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ መነበቡን፣ ኮዱ መንገድ ላይ ሳይወድቅ መንቃቱን፣ ከዚያም ለአንድ ተራ ተጫዋች የተባለውን ሥራ መሥራቱን ነው።

አረንጓዴው ቀለም ምን እንደሚል በትክክል እንወቅ። በኮንሶል (ትእዛዝ በሚጻፍበት የሰርቨሩ መስኮት) ወይም በጨዋታው ውስጥ የፕለጊንስ ትእዛዝን ስትጽፍ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ፕለጊን «በርቷል ወይስ አልበራም?» ብሎ ያየዋል፤ ከበራ አረንጓዴ፣ ካልበራ ቀይ ያደርገዋል። «በርቷል» የሚለው ምልክት ግን የሚለጠፈው ፕለጊኑ የመነሻ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ነው። የመነሻ ሥራው መሐል ላይ ቢወድቅ፣ ስፒጎት የሚባለው የሰርቨር ዓይነት ስህተቱን ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ጽፎ ምልክቱን ሳያነሣ ያልፋል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ የወደቀ ፕለጊን አረንጓዴ ሆኖ ይታይሃል። ከስፒጎት የወጣው ፔፐር የሚባለው የሰርቨር ዓይነት ይህን አስተካክሎታል፤ ሲነሣ የወደቀውን ፕለጊን መልሶ ያጠፋዋል፣ ስሙም ቀይ ይሆናል። ሆኖም ፔፐርም ላይ ቢሆን ፕለጊኑ ስህተቱን ራሱ ዋጥ አድርጎ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ከቀጠለ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። እንዲያው ባጋጣሚ አይደለም፤ ብዙ ፕለጊን ሠሪዎች አንድ ክፍል ስለተበላሸ ሁሉ ነገር እንዳይቆም ብለው ሆን ብለው እንዲህ ይጽፉታል።

ሦስተኛ ወጥመድም አለ። ጨርሶ ያልተነበበ ፕለጊን ቀይም አረንጓዴም ሆኖ አይታይም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዘጠኝ አስገብተህ ስምንት አረንጓዴ ስም ቢደረደርልህ ዓይንህ «ሁሉም አረንጓዴ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቁጠር። ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ጃሮች ቁጠርና በዝርዝሩ ራስ ላይ በቅንፍ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አስተያይ። ይህች ትንሽ ነገር ስንት ሰዓት እንዳተረፈችልኝ አልነግርህም።

ከዝርዝሩ በፊት ግን ሎጉን ክፈት። ሎግስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ላተስት የሚል ፋይል አለ፤ ያ የአሁኑ ነው። ሰርቨሩ እንደገና በተነሣ ቁጥር የበፊቱ ተጨምቆ በቀኑ ስም እዚያው ይቀመጣል፣ ስለዚህ መብራት የሄደበት ዕለት ሎግም አልጠፋብህም። ሰዓቱን ስታነብ የኮምፒውተሩ ሰዓት መሆኑን አትርሳ፤ 21:14 ካለ በእኛ ማታ 3:14 ማለት ነው። ልጆቹ «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የጠፋው» ሲሉህ ሎጉ ላይ 3ን ፈልገህ ሌሊቱን እንዳታነብ።

ፔፐር ላይ ከሆንክ ሎጉ ራሱ በሦስት ቦታ ምልክት ይተውልሃል። መጀመሪያ «ኢኒሻላይዚንግ» ብሎ ስንት ፕለጊን እንዳገኘና ስማቸውን ከነቨርዥናቸው ይዘረዝራል፤ የቆጠርከው ቁጥር እዚህ ጋር መመሳሰል አለበት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ «ሎዲንግ» የሚል መስመር ይመጣል። ከዚያ፣ ለአብዛኞቹ ዓለሙ ከተዘጋጀ በኋላ፣ «ኢኔብሊንግ» ይላል። በመጨረሻ «ደን» ብሎ በስንት ሰከንድ እንደተነሣ ይነግርሃል። ይህ የመጨረሻው መስመር ሰርቨሩ ተጫዋች ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን እንጂ ፕለጊኖቹ ደህና መሆናቸውን አይመሰክርም፤ ዘጠኙም ወድቀው «ደን» ሊል ይችላል። ለእያንዳንዱ ፕለጊን ሦስቱን ምልክት ፈልግ። ሁለተኛው ኖሮ ሦስተኛው ከሌለ፣ ወይም ከሦስተኛው ቀጥሎ ቀይ ጽሑፍ (ፋይሉ ውስጥ ቀለም ስለሌለው «ኤረር» የሚለውን ፈልግ) ከተከመረ፣ ቦታውን አገኘኸው።

ቀዩን ጽሑፍ ስታነብ ከታች ወደ ላይ አትሂድ፤ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያየውን ስህተት ይዞ ይሮጣል። ሎጉ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ስህተት ነው አብዛኛውን ጊዜ መነሻው፣ የተቀሩት በእሱ ምክንያት የወደቁ ናቸው። በአንዱ ስህተት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ኮዝድ ባይ» የሚል መስመር ተደጋግሞ ካለ የመጨረሻው «ኮዝድ ባይ» ነው እውነተኛውን ምክንያት የሚይዘው። ይህን ልዩነት ከያዝክ እንግሊዝኛው ባይገባህ እንኳ የትኛውን መስመር ገልብጠህ መጠየቅ እንዳለብህ ታውቃለህ።

አሁን ፋይሉ በትክክል ስለመነበቡ። እኛ አካባቢ ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል፣ ምክንያቱም ዳውንሎዱ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ወይም ፋይሉ ከሰው ፍላሽ ወደ ሰው ፍላሽ ተገልብጦ ነው የሚደርስህ። የጃር ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው፤ የዚፕ ማውጫ ደግሞ እንደ አንዳንድ መጽሐፍ ከኋላ፣ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ 90 በመቶው ወርዶ 10 በመቶው የቀረ ጃር ትንሽ የጎደለው ሳይሆን ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ጃቫ (ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ጨርሶ ሊከፍተው አይችልም። ሎጉ ላይ «ዚፕ ኢንድ ሄደር ኖት ፋውንድ» የሚል ካየህ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልግ፤ ፋይሉን እንደገና አውርደው። አንዳንዴም ጃር ብለህ ያስቀመጥከው የማውረጃው ድረ ገጽ ራሱ ይሆናል፤ መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ጠርጥር። ማረጋገጥ ስትፈልግ የፋይሉን ቅጂ በዚፕ መክፈቻ ክፈተውና ውስጡ ፕለጊን.ያምል የሚል ፋይል መኖሩን እይ። ካልከፈተ ተበላሽቷል። ከፍቶ ያ ፋይል፣ ወይም አዲሶቹ የፔፐር ፕለጊኖች የሚይዙት ፔፐር-ፕለጊን.ያምል፣ ከሌለው ለፎርጅ ወይም ለፋብሪክ፣ ማለትም ለሌላ ዓይነት የማይንክራፍት ሰርቨር፣ የተሠራ ሞድ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ እዚህ ሰርቨር ላይ አይሠራም።

ፕለጊን.ያምል ትንሽ ፋይል ናት፣ ግን የፕለጊኑ መታወቂያ ናት። ስሙ፣ ቨርዥኑ፣ መነሻው ክፍል፣ የተሠራበት የሰርቨር ቨርዥን፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። «ዲፔንድ» በሚለው ሥር የተጻፈ ፕለጊን ከሌለ ሰርቨሩ ባለቤቱን አያነሣውም፤ ለምሳሌ ወርልድጋርድ ያለ ወርልድኤዲት አይነሣም። «ሶፍትዲፔንድ» ሥር የተጻፈው ግን ባይኖርም ፕለጊኑ ይነሣል፣ ከዚያ ጋር የተያያዘው ሥራው ብቻ ይቀራል። የጌም ቤት ባለቤቶችን ግራ የሚያጋባው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ስሙ አረንጓዴ ነው፣ የጎደለው አንድ ሥራ ነው።

ገንዘብና ሱቅ የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። ቮልት የሚባለው ፕለጊን ራሱ ገንዘብ የለውም። እሱ ደላላ ነው፤ ገንዘብ ያዡን፣ ለምሳሌ ኢሴንሻልስኤክስን፣ ከሱቁ ጋር ያገናኛል። ኢሴንሻልስ መንገድ ላይ ቢወድቅ ቮልት አረንጓዴ፣ ሱቁም አረንጓዴ ሆነው የሚያገናኙት ሰው ያጡ ይሆናሉ። ኮንሶል ላይ የቮልት-ኢንፎ ትእዛዝን ስጥ፤ የትኛው ፕለጊን ገንዘብ ያዥ ሆኖ እንደተመዘገበ ይነግርሃል። ማንም ካልተመዘገበ የሱቁን ፕለጊን አትንካው፣ በሽታው እዚያ አይደለም። እግረ መንገዴን፦ ኢሴንሻልስን አስገብተህ የስፖን ትእዛዝ (ወደ መነሻ ቦታ የሚመልሰው) ከሌለህ ተበላሽቶ አይደለም፤ እሱ በሌላ ጃር፣ ኢሴንሻልስኤክስ ስፖን በሚባለው ነው የሚመጣው። የሁለቱ ቨርዥን አንድ ይሁን።

የጃቫ ነገር ደግሞ በአንድ የሒሳብ ስሌት ያልቃል። ሎጉ ላይ «ክላስ ፋይል ቨርዥን 65» የሚል ካገኘህ ከቁጥሩ 44 ቀንስ፤ 21 ይወጣል፣ ፕለጊኑ ጃቫ 21 ይፈልጋል ማለት ነው። 61 ከሆነ ጃቫ 17፣ 52 ከሆነ ጃቫ 8። ማይንክራፍት ራሱ ከ1.18 ጀምሮ ጃቫ 17፣ ከ1.20.5 ጀምሮ ቢያንስ ጃቫ 21 ይጠይቃል። አንድ ማሽን ላይ ሁለት ጃቫ ተጭኖ ሰርቨሩ በአሮጌው የሚነሣበት ጊዜ ስላለ፣ «እኔ እኮ ጃቫ 21 አለኝ» ከማለትህ በፊት ማስነሻ ፋይልህ የትኛውን እንደሚጠራ እይ።

የጠፋው ሰላምታህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ጣጣ አለው። የፕለጊኖች ኮንፊግ (የምርጫዎቻቸው ፋይል) የሚጻፈው ያምል በሚባል አጻጻፍ ነው፤ ያምል ስሙንና ዋጋውን የሚለየው በኮለን ነው፣ መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ የሚልበትንም በስፔስ እንጂ በታብ አይቀበልም። የአማርኛ ኪቦርድህ እንደተከፈተ ሰላምታውን ጽፈህ ስታበቃ ቀጣዩን መስመር ብታስተካክል፣ በኮለኑ ቦታ የግዕዙ ሁለት ነጥብ «፡» ሊገባ ይችላል። በዓይን ሁለቱን መለየት ይከብዳል፤ ለሰርቨሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ያን ጊዜ ፋይሉ አይነበብም። ክፋቱ ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ ብዙ ፕለጊኖች ኮንፊጉን ማንበብ ሲያቅታቸው ሎግ ላይ አንድ ስህተት ጽፈው በባዶ ወይም ከጃሩ ጋር በመጣው ኮንፊግ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስሙ አረንጓዴ ነው። አንዳንዱማ ያንኑ ከጃሩ ጋር የመጣ ኮንፊግ በአንተ ፋይል ላይ መልሶ ይጽፍበታል፣ የለፋህበትም አብሮ ይሄዳል። መብራት ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ ሲሄድም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ፋይሉ ባዶ ወይም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የአንተ እንግሊዝኛ ሰላምታ የተመለሰው በዚህ መንገድ እንደሆነ እገምታለሁ። የፋይሉን መጠንና የተቀየረበትን ሰዓት እይ፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ የተቀየረ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰላምታው ባይጠፋም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ኖትፓድ ላይ ስታስቀምጥ ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ስልት) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጥ፤ በአንሲ ካስቀመጥከው የግዕዝ ፊደሉ እዚያው ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀይሯል፣ መልሰህ አታገኘውም። ፋይሉ ደህና ሆኖ ጨዋታው ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ከጃቫ 18 በፊት ያለ ጃቫ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በሌላ ኢንኮዲንግ አንብቦት ሊሆን ይችላል። ከ18 ወዲህ ጃቫ ሌላ ካልተነገረው ዩቲኤፍ-8ን ይጠቀማል። ለዚህ ነው ማንኛውንም ፕለጊን ስፈትሽ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የማስገባው፤ ኮንፊጉ መነበቡን፣ የእኔ ፋይል መሆኑን፣ ፊደሉም መጠበቁን በአንድ ጊዜ ያሳየኛል።

ስለ ኦፕ ልምጣ። ኦፕ የሆነ ሰው ሁሉ ይፈቀድለታል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በኦፕ የተፈተሸ ፕለጊን ለባለቤቱ እንጂ ለተጫዋቹ አልተፈተሸም። ይህን የተማርኩት አንድ ሐምሌ ነው። ትምህርት ተዘግቶ፣ ውጪ ጉሙና ዝናቡ አላስወጣ ብሎ፣ አንድ ጌም ቤት ልጆች ሞልተውት ነበር። እኔ ከሰዓቱን ሙሉ በራሴ ስም ገብቼ ቤት፣ ሱቅ፣ የመሬት ጥበቃ፣ ሁሉን ሞክሬ «ተዘጋጅቷል» አልኳቸው። ልጆቹ ሲገቡ አንድም ትእዛዝ አልሠራላቸውም። የፈቃድ ፕለጊኑ፣ ሉክፐርምስ፣ ሲነሣ ወድቆ ነበርና ያዘጋጀሁላቸው ፈቃድ ሁሉ የለም፤ እኔ ኦፕ ስለነበርኩ አንዱም አልታየኝም። ያን ዕለት የተመለሱት ልጆች ፊት እስካሁን አይጠፋኝም። ከዚያ ወዲህ ፈታሽ የሚባል የተለየ ፈቃድ የሌለው ተራ ስም አለኝ፤ ከእሱ ውጪ በሌላ ስም «ይሠራል» ብዬ አላውቅም። አንተም የሱቁን ነገር በዚህ ትደርስበታለህ፦ ለአንተ ከፍቶ ለልጆቹ እምቢ ካለ ሱቁ ሎድ አድርጓል፣ የጎደለው ፈቃዱ ነው፣ የሉክፐርምስን መስመሮች ሎጉ ላይ ፈልግ።

ዜሮ የሆነው ገንዘብ ግን ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መብራት ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ አልተመለሰም ነበርና ልጆቹ እንዲገቡ ብለህ ሰርቨር.ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኦንላይን-ሞድ የሚለውን ቀየርከው? ቀይረኸው ከሆነ ፕለጊንህ ምንም አልሆነም። ሰርቨሩ ተጫዋቹን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው። ኦንላይን ሲሆን መለያው ከልጁ አካውንት ይመጣል፣ ኦፍላይን ሲሆን ደግሞ ሰርቨሩ ከስሙ ላይ ራሱ ያሰላዋል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ኢሴንሻልስ የእያንዳንዱን ተጫዋች ገንዘብና ቤት ዩዘርዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ በዚያ መለያ ስም ያስቀምጣል። ያን ፎልደር ክፈትና የፋይሎቹን ብዛት እይ። ልጆቹ 15 ሆነው ፋይሎቹ 30 ከሆኑ ገንዘቡ አልጠፋም፤ ልጆቹ ለሰርቨሩ አዲስ ሰው ሆነውበት ነው። መቼቱን ወደነበረበት መልሰው።

ይህን ሁሉ ምርመራ ግን ልጆቹ በሚጫወቱበት ሰርቨር ላይ አታድርገው። ሙሉውን ፎልደር ሰርቨሩ በቆመበት ሰዓት ገልብጥና ቅጂው ላይ የፖርቱን ቁጥር ከ25565 ወደ 25566 ቀይር። በመጀመሪያ ቅጂውን ፕለጊንስ ፎልደሩን ባዶ አድርገህ አስነሣው። ባዶውን ሰርቨር ማስነሣት ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ግን ስህተቱ ያኔም ካለ ጥፋቱ የፕለጊን አይደለም፣ የጃቫ ወይም የዓለሙ ወይም የዲስኩ ነው፣ አንተም ዘጠኝ ፕለጊን ከመመርመር ትድናለህ። ባዶው ደህና ከተነሣ ግማሾቹን መልስ። ችግሩ ከታየ ከእነዚያ ውስጥ ነው፣ ካልታየ ከሌሎቹ። እንዲህ እያጋመስክ ከሄድክ ከዘጠኝ ፕለጊን አንዱን ጥፋተኛ ለማግኘት አራት ጊዜ ማስነሣት ቢበዛ ነው። አንድ ላይ የሚሠሩትን፣ እንደ ቮልትና ኢሴንሻልስ ያሉትን፣ አትነጣጥል፤ ከነጠልካቸው ያልነበረ ችግር ትፈጥራለህ።

ሁለት ጊዜ አስነሣ። አዲስ ፕለጊን መጀመሪያ ሲነሣ ኮንፊጉን ይጽፋል፣ ሁለተኛው ላይ የጻፈውንና አንተ የቀየርከውን ያነባል። የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ላይ የሚወድቅ ፕለጊን ብዙ ነው። በሁለቱ መካከል ስታቆመው መስኮቱን በኤክስ አትዝጋው፤ «ስቶፕ» ብለህ ጽፈህ እስኪያስቀምጥ ጠብቅ። ሪሎድ የሚለውን ትእዛዝም ለፈተና አትጠቀምበት። ሪሎድ ፕለጊኖቹን አጥፍቶ ያበራል እንጂ ጃቫውን ከዜሮ አያስነሣም፤ ያለፈው ዙር ቅሪት የማሽኑ ሚሞሪ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ የታየው ስህተት ከሪሎዱ ይሁን ከፕለጊኑ አይለይም። ጥሩውም ውጤት አይታመንም፤ ከሪሎድ በኋላ የሠራ ፕለጊን ነገ ጠዋት ከቀዝቃዛ ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል።

ቀጥሎ የማደርገው በእኛ ሁኔታ የግድ የሚመስለኝን ነው፦ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ አስነሣዋለሁ። አንዳንድ ፕለጊኖች የሚያስፈልጋቸውን ላይብረሪ (የሚደገፉበትን የኮድ ስብስብ) ጃራቸው ውስጥ አያስገቡም፤ መጀመሪያ ሲነሡ ማቨን ሴንትራል ከሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ያወርዱታል። አንዴ ካወረዱት በኋላ ዲስኩ ላይ ይቀመጥላቸዋል። ነገር ግን ከጓደኛህ በፍላሽ ያመጣኸው ጃር አዲስ ማሽን ላይ፣ ዋይፋዩ በሌለበት ሰዓት ሲነሣ አይነሣም። ሰውየው «እዚያ ይሠራ ነበር እኮ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ ኢንተርኔት ነበር። ስለዚህ ወደ መሐል ሜዳ ሰርቨር በምልክበት ጊዜ ጃሮቹን ብቻ ሳይሆን አንዴ የተነሣውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ነው የምገለብጠው፣ ላይብረሪስ የሚባለውን ጨምሮ።

ከዚያ በፈታሽ ስም ገብተህ ለእያንዳንዱ ፕለጊን አንድ ሥራ አሠራው። አንድ ይበቃል፣ ግን ውጤቱ የሚታይ ይሁን። ቤት አስቀምጠህ ሌላ ቦታ ሂድና ተመለስ። አንድ እንጨት ሽጠህ ገንዘቡ መጨመሩን እይ። የተጠበቀ መሬት ላይ አንድ ብሎክ ለመስበር ሞክር፤ እዚህ ጋር የፈተናው ማለፍ መከልከልህ ነው። ሰርቨሩን አቁመህ አስነሣና ቤቱም ገንዘቡም እንዳሉ መሆናቸውን ፈትሽ። ሁለት ፕለጊኖች አንድ ዓይነት ትእዛዝ ካላቸው አንዱ ብቻ ነው የሚመልስልህ፤ የፕለጊኑን ስም ከፊት አድርገህ፣ ኮለን ጨምረህ ትእዛዙን ከጠራኸው ግን የፈለግከው ራሱ ይመልሳል። «ቤት አይሠራም» የተባለ ስንት ጊዜ የሌላ ፕለጊን ቤት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ተወው። ዳታቤዝ ጋር የሚገናኙ ወይም በየደቂቃው የሚሠሩ ፕለጊኖች ሲነሡ ሳይሆን ቆይተው ነው የሚወድቁት።

ይህን በእጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሠራህ በኋላ ማሽኑ እንዲሠራልህ ማድረግ ትችላለህ። አጭር ስክሪፕት ሰርቨሩን ያስነሣል፣ «ደን» የሚለውን መስመር ይጠብቃል፣ የዘጠኙን ስም ከ«ኢኔብሊንግ» መስመሮች ጋር ያመሳክራል፣ «ኤረር» የሚል ካለ ያወጣና «ስቶፕ» ይላል። ኮድ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ የራስህን ትንሽ ፈታሽ ፕለጊን ሥራ፤ ቡኪት (ፕለጊኖች የሚጻፉበት መሠረት) ሁሉም ፕለጊኖች ከነቁ በኋላ የሚጠራው ሰርቨር-ሎድ-ኢቨንት የሚባል አለው፣ በዚያን ሰዓት እያንዳንዱ መብራቱንና ገንዘብ ያዥ መመዝገቡን ጠይቆ አንድ መስመር ይጻፍልህ። የራሳቸውን ፕለጊን የሚሠሩ ተማሪዎች ሞክቡኪትንና ጄዩኒትን፣ ሁለቱን የኮድ መፈተሻ መሣሪያዎች፣ አብረው ቢጠቀሙ ሰርቨር ሳያስነሡ በሰከንዶች ውስጥ ይፈትሻሉ፤ ኮድ በሚጻፍበት ሰዓት በጣም ይጠቅማል። ሞክቡኪት ግን የሰርቨር አምሳያ እንጂ ሰርቨር አይደለም፣ የተበላሸ ጃርም የጎደለ ላይብረሪም አያሳይህም።

ደብተርም ያዝ። እኔ ለእያንዳንዱ ቤት የፕለጊኑን ስም፣ ቨርዥን፣ የፋይሉን መጠንና የሻ-256 ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሻ-256 የፋይሉ አሻራ ነው፤ አንድ ባይት ከተለወጠ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘጠኙን አሻራ አስልቼ ከደብተሩ ጋር አስተያያለሁ፤ ከተመሳሰለ ጃሮቹን ትቼ ቀጥታ ወደ ኮንፊጎቹና ወደ ዳታው እሄዳለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የኮንፊጎቹንና የዩዘርዳታውን ቅጂ ደግሞ ማታ ማታ ሰርቨሩን ስትዘጋ በፍላሽ አስቀር። አቅምህ ከፈቀደ ለሰርቨሩ ማሽን ብቻ ትንሽ ዩፒኤስ ግዛ፤ አምስት ደቂቃ ቢይዝ እንኳ «ስቶፕ» ለማለት ይበቃል።

ዛሬ ማታ ከልጆቹ በኋላ ይህን አድርግ፦ መጀመሪያ ጃሮቹን ቁጠር፣ ኦንላይን-ሞድን እይ፣ ዩዘርዳታ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ቁጠር፣ የሰላምታውን ኮንፊግ መጠንና ሰዓት ተመልከት፣ ከዚያ ራስህን ከኦፕ አውርደህ ሱቁን ክፈት። ካልተገኘ መብራት ከተመለሰ በኋላ የተጻፈውን ሎግ ከመጀመሪያው መስመር እስከ «ደን» ድረስ ላክልኝ፤ ቀዩን ብቻ ቆርጠህ አትላክ፣ እኔ የምፈልገው ከቀዩ በፊት ያለውን ነው።